የጭነት መኪናው አልጋ

ጋሼ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ እኔ የቤተሰብ አማካሪ ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ሕንፃ እሳቸው ሦስተኛ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተጎራብተን ዓመታት ኖረናል። የ15 ዓመት ልጃቸው በተሰረቀ መኪና ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተያዘ። ከዚያ በፊትም ድብድብ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ከሱቅ ዕቃ ማንሳት ነበረበት። የወጣቶች ፍርድ ቤት ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ቤተሰቡ በሙሉ ቴራፒ እንዲጀምር አዘዘ፤ ግማሹ ባለሙያው ቤት ድረስ እየመጣ፣ ግማሹ በቪዲዮ። ጎረቤት ጎረቤቱን አያክምምና ጉዳዩን የያዘው ሌላ ባለሙያ ነው። ጋሼ ግን ወረቀቱን ይዘው መጀመሪያ የመጡት እኔ ዘንድ ነበር። የተነጋገርነውን የምጽፈው በእሳቸው፣ በባለቤታቸው በእትዬና በልጁ ፈቃድ ነው፤ ሰው የሚለይባቸውን ነገሮች ለውጫለሁ።

ጋሼ፦ እስቲ ይሄን አንብቢልኝ። ያጠፋው እሱ፣ የሚታከመው ቤተሰቡ። መኪናውን እኔ ነኝ የሰረቅሁት?

እኔ፦ እርስዎ አጠፉ አይልም ጋሼ።

ጋሼ፦ ታዲያ እሱን ለብቻው ይምከሩት። ወይ እስር ቤት ወስደው ያሳዩት። አንድ ቀን በሩ ሲቆለፍ ቢያይ ልብ ይገዛል።

እኔ፦ እሱ ተሞክሯል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርዎ። በ1970ዎቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ራህዌይ እስር ቤት፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች ጎረምሶችን ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጮሁባቸው፣ ያስፈራሯቸው ነበር። በ1978 ፊልም ተሠርቶበት አገሩ ሁሉ ወደደው። በኋላ ግን ይህን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሲመረመሩ፣ ዕጣ ወጥቶ የተላኩት ልጆች ካልተላኩት ይበልጥ አጥፍተው ተገኙ። ፍርሃቱ በሳምንቱ ይበርዳል፤ እስር ቤት ገብቶ መውጣቱ ግን ለጓደኛ የሚወራ ጀብዱ ይሆናል።

ጋሼ፦ እሺ፣ ያበላሹት ጓደኞቹ ናቸው። ከነሱ አርቀው፣ እንደሱ ያጠፉ ልጆች ተሰብስበው የሚመከሩበት ቦታ ቢያስገቡትስ?

እኔ፦ እንደሱ ያጠፉት እኮ አዲስ ጓደኞቹ ነው የሚሆኑት። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ1939 የተጀመረ አንድ ሥራ አለ። 506 ወንድ ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለዓመታት መካሪ ተመደበላቸው፤ በትምህርት ታገዙ፣ በእረፍት ጊዜ ካምፕ ተላኩ። ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አፈላልጋ አገኘቻቸው። እገዛ ያገኙት ካላገኙት የባሰ ሆነው ቆዩዋት። ቆይታም በ1999 ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ምክንያቱን ጻፉ፤ ልጆቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ አንዱ ጥፋቱን ያወራል፣ ሌሎቹ ይስቁለታል፣ ያ ሳቅ ሽልማት ነው። መካሪው በሰዓቱ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሳቁ እዚያው ይቀራል።

ጋሼ፦ (ወረቀቱን አጠፉት።) እንግዲያው አገር ቤት እልከዋለሁ። እህቴ አለች። እሷ ጋ አንድ ዓመት ቢቀመጥ ሰው ይሆናል።

ይህን ንግግር በዚህ ከተማ በብዙ ሳሎን ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ልጃቸውን የጠሉ ወላጆች አይደሉም፤ እነሱን ያሳደገ መንደር፣ ጎረቤት የሚቆጣበት፣ አክስት የምትገስጽበት ሰፈር ልጃቸውንም ያሳድግላቸው ዘንድ የሚናፍቁ ናቸው። ናፍቆቱን አከብረዋለሁ። ነገር ግን አማርኛ በግማሽ የሚሰማ ልጅ፣ ለማያውቃት አክስት «አስተካክይው» ተብሎ ሲላክ የተጣለ ሆኖ ነው የሚሰማው።

እኔ፦ ከዓመቱ በኋላ የት ይመለሳል?

ጋሼ፦ እዚሁ ነዋ።

እኔ፦ እዚያው ሳሎን፣ እዚያው ሶፋ ላይ። ሶፋውን ካነሳን ባለፈው እሑድ ምን ሆነ? እትዬ ስትጮህ ታች ድረስ ተሰምቶኛል።

ጋሼ፦ ምን ይሆናል! 19 ቀን መንገድ ላይ ቆይቼ ገባሁ። ተኝቶ ስልኩን ይነካካል። «ስልኩን አስቀምጥና ና ብላ» አልሁት። «እሺ» አለ፣ አልተነሳም። ደገምሁ። «እሺ አልሁ አይደል!» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮህሁ። በሩን በላዬ ላይ ዘጋው። ደክሞኝ ነበር፣ ተውሁት፣ ተኛሁ። እናቱ ሳህኑን ይዛ ክፍሉ ገባች።

እኔ፦ ስልኩስ?

ጋሼ፦ ስልኩማ እጁ ላይ ነው።

እኔ፦ አሁን አንድ በአንድ እንየው። ልጁ ከጮኸ ትእዛዙ እንደሚነሳለት ተማረ። እርስዎ ሲተዉት ቤቱ ጸጥ እንደሚል ተማሩ። እትዬ ሳህን ስታደርስ ጠቡ እንደሚበርድ ተማረች። ሦስታችሁም ለዚያች ማታ እፎይታ አገኛችሁ። ለዚህ ነው ነገ የሚደገመው፣ ድምፁም ከዛሬው ከፍ የሚለው። ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ባለሙያ ቤት ለቤት ልኮ፣ ማን ምን ሲል ማን ምን እንዳለ እያስቆጠረ ነው ይህንን የደረሰበት። ሰው ቤት ውስጥ ሲጯጯህ አንዱ አንዱን እያስገደደ ያስተምራል አለ። በዚህ የሠለጠነ ልጅ ትምህርት ቤትም፣ መንገድ ላይም የሚያውቀው ዘዴ ይኸው ነው።

ጋሼ፦ እና ጥፋቱ የኔ ነው።

እኔ፦ የዑደቱ ነው። ዑደት ደግሞ ከየትኛውም ጫፍ ሊቆረጥ ይችላል። ልጁ እስኪለወጥ ከመጠበቅ የእርስዎን ጫፍ መያዝ ይቀላል፤ ፍርድ ቤቱ ቤተሰቡን የጠራው ለዚህ ነው።

ጋሼ፦ ይሁን። በስልክ ግን? አንቺ ልጄ፣ በስልክ ሰው ተቆጥቶ ያውቃል፣ በስልክ ሰው ታርቆ ያውቃል? ሽማግሌ እንኳ ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ እህል ቀምሶ ነው የሚያስታርቀው።

እኔ፦ ልክ ነዎት። መጀመሪያው ቤት ነው መሆን ያለበት። ስኮት ሄንገለር የሚባል ባለሙያ የመሠረተው አሠራር አለ። ባለሙያው ቢሮ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ቤት ይሄዳል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቤተሰብ ብቻ ነው የሚይዘው። ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሳ ከቡድኑ አንድ ሰው አለ። ከ3 እስከ 5 ወር እንዲህ ይቆያሉ። ለምን ቤት? ቢሮ ውስጥ ሁሉም ጨዋ ነው። ቤት ሲሆን ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሲናገር ማን እንደሚነሳ፣ የትኛው በር መዝጊያው እንደተሰበረ ይታያል። ይሄን ካሜራ አያሳይም።

ጋሼ፦ ታዲያ ቪዲዮው ለምን?

እኔ፦ ለእርስዎ።

ጋሼ፦ ለኔ?

እኔ፦ በወር ስንት ቀን ቤት ነዎት?

ጋሼ፦ ስምንት። ጥሩ ወር ከሆነ ዘጠኝ።

እኔ፦ አዩት አይደል? ማያሚ ውስጥ ሆሴ ሻፖችኒክ የሚባል ባለሙያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከኩባ የመጡ ስደተኞችን ልጆች ያክም ነበር። ታሪካቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን በዓመት ይጨርሳል፣ አባት በአሥር ዓመትም ይቸግረዋል። ልጁ ትምህርት ቤት ለወላጁ አስተርጓሚ ይሆናል፤ የቤቱ አለቃ ማን እንደሆነ በዚያች ቀን ይደበላለቃል። ሻፖችኒክ ያየው ትልቁ ችግር ቤተሰቡ አለመምጣቱ ነበር፤ አባት ሥራ ነው፣ ልጁ አልመጣም ብሏል፣ እናት ብቻዋን ናት። ስለዚህ አለመምጣታቸውን ራሱን የሕመሙ አካል አድርጎ ያዘው። በ1988 ባሳተመው ጥናት 108 ቤተሰቦች ነበሩ። እንደ ልማዱ «ቀጠሮ አለዎት» ተብለው ከተጠሩት 42 በመቶው ብቻ ገቡ። ባለሙያው ደውሎ፣ እንቢ ያለውን ሰው ለብቻው አነጋግሮ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሲያግባባ ግን 93 በመቶው ገቡ። ቪዲዮ ለእኔ የዚያ ሥራ ተቀጥላ ነው፤ የጎደለውን ሰው ማምጫ። እርስዎ ከሌሉበት እትዬና ልጁ የሚስማሙት ስምምነት እርስዎ ሲገቡ ይፈርሳል።

ጋሼ፦ እየነዳሁ ስልክ መያዝ ክልክል ነው። መንጃ ፈቃዴን ይወስዱታል።

እኔ፦ እየነዱ አይደለም፤ ቆመው። ሕጉስ እንዲያርፉ ያስገድድዎት የለ?

ጋሼ፦ 11 ሰዓት ከነዳሁ 10 ሰዓት ማረፍ አለብኝ።

እኔ፦ ከ10ሩ አንዷን ለዚህ ይስጡ። ብቻ ለባለሙያው የት ስቴት እንደሚሆኑ አስቀድመው ይንገሩት። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ነው፤ ደንቡም ይለያያል፤ ከየት ሆነው መግባት እንደሚችሉ እሱ ያጣራል። እትዬ እንግሊዝኛው ካስቸገራት ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን አታስተርጉሙት፣ ትንሿን እህቱንም ቢሆን።

ጋሼ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ጋሼ፦ ገመና ነው ልጄ። የቤቴን ጉድ በኢንተርኔት? ማን ይቀዳዋል? ማን ይሰማዋል?

እኔ፦ ባለሙያው ያለ ፈቃድዎ አይቀዳም፤ ይህን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የውጪው ጆሮ ሳይሆን የቤቱ ነው። በካሜራው የማይታይ ሰው ጥግ ቆሞ ሲሰማ ልጅ እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ ሁሉም ይታይ፤ አጎትም ካለ ይታይ ወይም ይውጣ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እጅዎን አንስተውበት ያውቃሉ?

ብዙ ቆዩ።

ጋሼ፦ አንስቼ አውቃለሁ። አላሳረፍሁም።

እኔ፦ ይህን ለባለሙያው ራስዎ ይንገሩት። ልጅ ቤቱን የሚፈራ ከሆነ በቪዲዮ መጀመር ስሕተት ነው። ስልኩ ሲዘጋ አብሮት የሚቀረው የሚፈራው ሰው ነውና አይናገርም። መጀመሪያ በአካል፣ ለብቻው፣ ደህና መሆኑ ይጠየቅ። ልጁ ራሱን ለመጉዳት ካሰበም፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለም እንደዚያው፤ እነዚህ ለስክሪን የሚተዉ አይደሉም።

ጋሼ፦ ይህን ሁሉ አድርገንስ ይሠራል?

እኔ፦ ዋስትና አልሰጥዎትም። ዩታ ዩኒቨርሲቲ ጀምስ አሌክሳንደርና ብሩስ ፓርሰንስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን የቤተሰብ ሕክምና ሲሞክሩ የታከሙት ልጆች ወደ ፍርድ ቤት የተመለሱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። ከሁሉ የገረመኝ በ1977 ያሳተሙት ነው፤ የታናናሾቻቸውም ጥፋት ቀነሰ። ሕክምናው በእነሱ ምክንያት ያልተጀመረ ታናናሾች! በሌላ በኩል እንግሊዝ አገር 684 ቤተሰቦች የገቡበት ትልቅ ጥናት በ2018 ወጥቶ፣ የሄንገለር አሠራር ከዚያው አገር መደበኛ አገልግሎት አልበለጠም። እዚያ መደበኛው አገልግሎት ራሱ ደህና ነበር። ስለዚህ ስሙ የገነነ ሕክምና መሆኑ ብቻ አይበቃም። ባለሙያው ቤታችሁን ሲያውቅ፣ እናንተም ስትገኙ ነው ነገሩ።

ጋሼ፦ ልጁስ እንዲህ ሆኖ ይቀራል ብለሽ ትሰጊያለሽ?

እኔ፦ ቴሪ ሞፊት የተባለች ተመራማሪ በ1993 ለሁለት ከፈለቻቸው፤ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚያጠፉ ጥቂቶችና በጉርምስና ጀምረው ሲያድጉ የሚተዉ ብዙዎች። የእርስዎ እስከ 13 ዓመቱ ምን ይመስል ነበር?

ጋሼ፦ እጄን ይዞ ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው።

እኔ፦ እንግዲያው ሥራችን እስኪተወው ድረስ የማይመለስ ነገር እንዳይገጥመው ማድረግ ነው፤ የወንጀል መዝገብ፣ የመኪና አደጋ፣ ከትምህርት መባረር።

ከሁለት ወር በኋላ ጋሼ ደወሉልኝ። ነብራስካ ውስጥ አንድ ትራክ ስቶፕ ላይ ቆመው ነበር። ድምፃቸው ተለውጦብኛል።

ጋሼ፦ ልንገርሽ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አቁሜ ገባሁ። ባለቤቴ ለማታ ሥራዋ ለብሳለች። ልጁ ካሜራውን ጣሪያ ላይ አድርጎታል፤ የሚታየኝ መብራት ብቻ ነው። ልቆጣ ነበር። ባለሙያው ቀደመኝና «ዛሬ የት ነው ያሉት?» አለኝ። ስልኩን አንስቼ በመስኮት አሳየሁት። በረዶ ነው፣ በረዶው ላይ ትራክ በትራክ ተሰልፏል። «የሚተኙትስ የት ነው?» አለ። ወደ ኋላ አዞርሁት፤ አልጋዬ ከወንበሩ ጀርባ ናት፣ ጠባብ ናት። ብርድ ልብሴ፣ በሶ የምበጠብጥባት ጣሳ፣ የእመቤታችን ሥዕል። ያኔ ጣሪያው ተንቀሳቀሰ። የልጄ ፊት መጣ። «አባ፣ እዚህ ነው የምትተኛው?» አለኝ።

እኔ፦ አይቶት አያውቅም?

ጋሼ፦ ማን አሳይቶት? ትራኩን የማቆመው ከቤት ሩቅ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ «ለናንተ ነው የምደክመው» እያልሁ እጮህበት ነበር። የት እንደምደክም አያውቅም።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እኔ ቪዲዮን የማየው ለችግር ጊዜ መሸጋገሪያ አድርጌ ነበር፤ በ2020 ኮሮና በሩን ሲዘጋብን የተማርነው ነገር ነውና። ሳሎን የማያሳየውን የአባት ሕይወት ለልጅ ያሳያል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጋሼ አስተማሩኝ።

እኔ፦ ከዚያ በኋላ ሁሉ ሰላም ነው?

ጋሼ፦ አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ ስልኩ አነሳን፤ ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ለእናቱ ያስረክብ ብለን። ተቆጣ፣ ቀዩን ነካው፣ ጠፋ። ሳሎን ቢሆን በሩን ነበር የሚዘጋው፤ ባለሙያውም በሩ ላይ ቆሞ ያናግረዋል። ስክሪኑ ግን ጠቆረ በቃ።

እኔ፦ ባለሙያውስ ምን አደረገ?

ጋሼ፦ በማግስቱ ቤት ሄደ። ባለቤቴ እንደነገረችኝ እሷን ከመሐል አንስቶ ከኔ ባዶ ወንበር አጠገብ አስቀመጣት፤ እኔ በስልክ ነበርሁ፤ ስልኩን ወንበሩ ላይ አቆሙት። «ሁላችሁም ወደ እሷ ነው የምትናገሩት፣ አሁን እርስ በርስ ተነጋገሩ» አለን። ከዚያ ልጁን የትኛው ሰዓት እንደሚሆንለት ጠየቀው። «አምስት ሰዓት» አለ። እኔ አራት፣ እሱ አምስት፤ አራት ተኩል ላይ ተስማማን። ሦስት ማታ አስረከበ። አራተኛው ቀን ረሳሁ ብሎ አልሰጠም።

እኔ፦ እትዬስ?

ጋሼ፦ አልጮኸችም። እኔም አልደወልሁበትም። በማግስቱ ማታ በራሱ ሰጣት።

እኔ፦ ትምህርት ቤቱስ?

ጋሼ፦ ያለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀርቷል። ይህን አልደብቅሽም። ከነዚያ ልጆች ከአንዱ ጋር ደግሞ አሁንም ይጻጻፋል። ግን ትንሿ እህቱ ጠረጴዛው ላይ መጥታ እራት መብላት ጀምራለች። ቀድሞ ድምፅ ስትሰማ ሳህኗን ይዛ ትሸሽ ነበር።

ዩታ ላይ የታየውን የታናናሾቹን ነገር አስታወስሁ፤ ለጋሼ ግን አልደገምሁባቸውም።

ጋሼ፦ የመጨረሻው ቀጠሮ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ነው። ባለሙያው «በቪዲዮ መግባት ይችላሉ» ብሎኛል።

እኔ፦ ይገባሉ?

ጋሼ፦ የለም። ዲስፓቸሩን አነጋግሬዋለሁ፤ የዚያን ሳምንት ጭነት ሌላ ሹፌር ይወስደዋል። ሐሙስ ማታ ወንበሩ ላይ ስልክ አይቆምም፤ እኔ ነኝ የምቀመጥበት።